በበረሃ ገደላማ ሸለቆ ውስጥ ጅረትን ተከትሎ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ለማድረግ የሚረዳ መመሪያ

በበረሃ መሐል ጅረት የሚፈስበት ገደላማ ሸለቆ ተጓዡን በአንድ ቀን ለሁለት የማይመሳሰሉ አደጋዎች ያጋልጠዋል፤ ሸለቆው ሰፋ በሚልበት ቦታ ፀሐዩና ደረቁ አየር የሰውነቱን ፈሳሽ ይመጡታል፣ ግድግዳዎቹ በሚቀራረቡበት ቦታ ደግሞ ፀሐይ በማይደርስበት ጥላ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይሄዳል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ገመድና የገደል መውረጃ ትጥቅ ለማያስፈልገው፣ ጠዋት ተገብቶ ሳይመሽ ለሚወጣበት ጉዞ ነው። በእኔ ግምት የዚህን ቀን ዕጣ የሚወስነው የእግር ብርታት አይደለም፤ ከሸለቆው ወለል ሆኖ ሊታይ የማይችለው የላይኛው አገር ሰማይና ከቤት ሳይወጡ የተቆረጠ የመመለሻ ሰዓት ናቸው። ስለሆነም ስለ ጫማና ስለ ቦርሳ ከመናገሬ በፊት በእነዚህ ሁለቱ ላይ እቆያለሁ።

1. ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይወቁ

የመሬት አቀማመጥ ካርታ ያግኙና ጅረቱን በጣትዎ ወደ ላይ ይከተሉት። ከግራና ከቀኝ የሚገቡበትን ደረቅ የውሃ መውረጃዎች ሁሉ እያዩ፣ ውሃውን ከሌላው ሸለቆ የሚለየው ሸንተረር ላይ እስኪደርሱ ይቀጥሉ። በዚያ ሸንተረር የታጠረው መሬት በሙሉ የሸለቆው ተፋሰስ ነው፤ በእሱ ላይ የወረደ ዝናብ መውጫው እርስዎ የሚሄዱበት ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ነው። የበረሃ መሬት አብዛኛውን ጊዜ ራቁቱን የቀረ ድንጋይ ወይም በፀሐይ የደደረ አፈር ስለሆነና ውሃውን የሚይዝ በቂ ዕፅዋት ስለሌለው፣ ዝናቡን ከመምጠጥ ይልቅ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያወርደዋል። ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ የዘነበ ዝናብ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሸለቆ ውስጥ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት በሚገኘው የታችኛው አንቴሎፕ ካንየን እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1997 ዓ.ም. 11 ጎብኝዎች የሞቱት እንዲህ ባለ ጎርፍ ሲሆን፣ ጎርፉን ያመጣው ነጎድጓዳማ ዝናብ የወረደው ከእነሱ በላይ ራቅ ባለ ቦታ ነበር።

ስለዚህ የአየር ትንበያ ሲያዩ የሸለቆውን መግቢያ ሳይሆን የተፋሰሱን ከፍተኛ ክፍል ትንበያ ይመልከቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በስልኩ ላይ የመግቢያውን ስም ይጽፍና የፀሐይ ምስል ሲያይ ልቡ ይረጋጋል። ትንበያው በላይኛው አገር ነጎድጓዳማ ዝናብ ሊኖር እንደሚችል ከተናገረ፣ ዕድሉ አነስተኛ ነው ቢባል እንኳ ጠባቡን የሸለቆ ክፍል ለሌላ ቀን ይተዉት። በዩታ ግዛት በዛዮን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሚገኘው ኪሆል ካንየን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሰባት ሰዎች በጎርፍ ሲሞቱ፣ በዚያን ዕለት ጎርፍ ሊኖር እንደሚችል ፓርኩ አስቀድሞ አሳውቆ ነበር።

አስጊው ወቅት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃዎች ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ከቀትር በኋላ የሚነሣው ነጎድጓዳማ ዝናብ ሲሆን፣ በሙት ባሕር ዙሪያ ባሉት ሸለቆዎች ግን አደጋው በቀዝቃዛው ወቅትና ከእሱ በፊትና በኋላ ባሉት ወራት ይበረታል። ሸለቆው የሚተዳደርበት ጽሕፈት ቤት ካለ፣ በዋዜማው ብቻ ሳይሆን በጉዞው ጠዋት ጭምር መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የጅረቱ የፍሰት መለኪያ ካለም መጠኑን ያንብቡ። ለምሳሌ በዛዮን የሚገኘው ዘ ናሮውስ የተባለው የውሃ መንገድ የቨርጂን ወንዝ ፍሰት በሰከንድ ከ150 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም ከ4.2 ሜትር ኩብ ገደማ ሲያልፍ ለተጓዦች ይዘጋል። ይህ ቁጥር ለዚያ ወንዝ የወጣ እንጂ ለሁሉም ሸለቆ የሚያገለግል አይደለም፤ ትናንሽ ጅረቶች ከዚህ እጅግ ባነሰ ፍሰትም ሰው ይጥላሉ።

2. የመመለሻውን ሰዓት ይቁረጡ

በደልዳላ መንገድ በሰዓት አራትና አምስት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው፣ በድንጋያማ ጅረት ውስጥ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ከሄደ ደኅና ሄዷል። በካርታ ላይ አጭር የሚመስለው ሸለቆ መንገደኛውን የሚያስመሸው ለዚህ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከገቡና 10 ሰዓት ላይ መውጣት ከፈለጉ፣ ወደ ላይ በመሄድ ብቻ የሚያሳልፉት ጊዜ ዕረፍትን ጨምሮ ከአራት ሰዓት ተኩል መብለጥ የለበትም፤ ስለዚህ የመመለሻው ሰዓት ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይህ አቆጣጠር ሌላም ጥቅም አለው፤ ከቀትር በኋላ ደመና የሚያጠላበት አገር ከሆነ፣ ያን ጊዜ እርስዎ ወደ መውጫው እየተቃረቡ ነው።

ጉዞው ከገደሉ አናት ተጀምሮ ወደ ጅረቱ የሚወርድ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ቀላሉ መውረድ በማለዳው ብርድ፣ ከባዱ መውጣት ደግሞ በቀኑ ሙቀትና በደከመ ጉልበት ይሆናል፤ ለመውጣት ለመውረድ ከፈጀብዎት ጊዜ ዕጥፍ ይመድቡ። ዘጠኝ ሰዓት ካለዎት በሦስት ሰዓት ይውረዱ፣ ስድስቱን ለመውጣት ያስቀሩ።

የተቆረጠውን ሰዓት በወረቀት ይጻፉት፤ አብረዎት ለሚሄዱትም ሁሉ ይንገሩ። «ያችን መታጠፊያ ብቻ አይተን እንመለስ» የሚለው ወንዝ የማያሻግር ምክንያት በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ እንደገና ይነሣልና፣ ሰዓቱ ሲደርስ የሚያስታውስ አንድ ሰው አስቀድሞ መሰየም ጠቃሚ ነው። በመጨረሻም የሸለቆውን ስም፣ የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ቦታ፣ የሰዎቹን ቁጥር፣ መኪና ካለም የታርጋ ቁጥሩንና ካልደወሉ ዕርዳታ መጠራት ያለበትን ሰዓት ከጉዞው ውጭ ለሚቀር ሰው ይተዉ። በሸለቆ ውስጥ የስልክ መስመር አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፤ ጂፒኤስም ቢሆን የሳተላይቱ ምልክት ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስለሚነጥር ቦታዎን አሳስቶ ሊያሳይ ይችላል።

3. ልብስና ትጥቅ

ጫማው ጣትን የሚሸፍን፣ ሶሉ ውሃ ላይ የሚቆነጥጥና ውሃውን በቶሎ የሚያፈስ መሆን አለበት። ውሃ አያስገባም ተብሎ የሚሸጠው ከባድ ጫማ ለዚህ ጉዞ አይመከርም፤ ውሃው በአንገቱ በኩል አንዴ ከገባ በኋላ መውጫ ስለማያገኝ ቀኑን ሙሉ ሁለት ባልዲ ተሸክሞ እንደመሄድ ይሆናል። ክፍት ሰንደል ደግሞ ጣትን ለድንጋይ፣ ውስጥ እግርን ለጠጠር ይዳርጋል። ካልሲው የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ክር ይሁን፤ ጥጥ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ በጥላው ውስጥ ሙቀት ይሰርቃል፣ አሸዋ ሲቀላቀልበትም እግርን ፈግፍጎ ውሃ ያስቋጥራል። ለመመለሻው አንድ ደረቅ ካልሲ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይያዝ።

ሌላው ትጥቅ ብዙ ማብራሪያ አይሻም፦ ሰፊ ባርኔጣ፣ ስስ ባለረጅም እጅጌ ሸሚዝ፣ ነፋስ የሚከለክል ጃኬት፣ የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የወረቀት ካርታ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ መስጫ፣ ጨው ያለበት ምግብ፣ እንዲሁም ይህ ሁሉ በቦርሳው ውስጥ የሚገባበት ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት። ቦርሳው ራሱ ዝናብ የማያስገባ ቢባልም በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ያስገባል፤ ከረጢቱን አይተዉት። ከሁሉ የማስቀድመው ግን ቁመቱ እስከ ደረት የሚደርስ ጠንካራ ምርኩዝ ነው።

4. ከመግባትዎ በፊት ሸለቆውን ያንብቡ

መግቢያው ላይ አምስት ደቂቃ ቆመው ግድግዳዎቹን ይመልከቱ። የቀድሞ ጎርፍ ጽሑፉን ትቶ ይሄዳል፤ በቋጥኞች መሐል የተሰነቀረ ግንድ፣ በቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ወፍ ጎጆ የተጠመጠመ ደረቅ ሣርና ስንጥር፣ በግድግዳው ላይ አግድም የተሰመረ የደለል መስመር ሁሉ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ ይናገራሉ። ስንጥሩ ከራስዎ በላይ ከታየ፣ በጎርፍ ጊዜ እርስዎ የቆሙበት ቦታ ከውሃ በታች ነበር ማለት ነው። ከዚያ መስመር በላይ ያሉትን ደርቦችና እርከኖች፣ በእጅና በእግር ሊወጣባቸው የሚችሉትን ብቻ፣ እየሄዱ በልብዎ ይመዝግቡ። ግድግዳዎቹ ቀጥ ብለው ለረጅም ርቀት መውጫ በሌለበት ክፍል ውስጥ ምሳ አይበሉ፣ ፎቶግራፍ ለማንሣትም አይቆዩ፤ ቶሎ ይለፉት።

ቀጥሎ ውሃውን ይለኩ። በውሃው ጠርዝ ላይ አንድ ቀጭን እንጨት ይትከሉ ወይም ጠጠር ያስቀምጡ፤ በየዕረፍቱም ይህንኑ ይድገሙ። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ በጠርዙ ላይ ያኖርኩት ነጭ ጠጠር ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከዓይኔ ጠፋ። ሰማዩ ሰማያዊ ነበር፣ የሚሰማም ድምፅ አልነበረም፤ ውሃው የጨመረውም ሁለት ጣት ያህል ብቻ ስለነበረ ከመካከላችን አንዱ ጠጠሩ ተንከባሎ ነው ብሎ ተከራከረ። ዕቃችንን ይዘን ወደ አንድ ሰፊ ደርብ ወጣን፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኩልል ያለው ጅረት እንደ ሻይ ቀላ፣ ስንጥርና የበሰበሰ ቅጠልም ይዞ ወረደ። ትልቅ ጎርፍ አልሆነም፤ ያም ሆኖ ምሳ የበላንበት አሸዋ ከውሃ በታች ነበር።

5. በውሃ ውስጥ አካሄድ

የሚፈስ ውሃ ጉልበት በፍጥነቱ ዕጥፍ ብቻ አያድግም፤ ፍጥነቱ ሁለት ጊዜ ሲጨምር ግፊቱ አራት ጊዜ ይጨምራል። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰውን ሊጥል እንደሚችል የሚነገረውም ለዚህ ነው። እንደ ልማድ፣ ፈጣኑ ውሃ ከጉልበት በላይ ከሆነ አይሻገሩ፤ ዝግ ያለው ውሃ ወገብ ድረስ ቢደርስ ችግር የለውም፣ ብርዱን ከቻሉት።

ለመሻገር ሰፊውን ቦታ ይምረጡ። ጠባቡ ቦታ ለመዝለል የሚያጓጓ ቢመስልም ውሃው እዚያው ይጠልቃል፣ ይፈጥናልም፤ ሰፋ ብሎ በጠጠር ላይ የሚንጫጫው ክፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥልቀት የለውም። ከመግባትዎ በፊት ወደ ታች ይመልከቱ፤ ቢወድቁ ውሃው የሚወስድዎት ወዴት ነው? ታች ፏፏቴ ወይም ውሃ የሚያልፍበት፣ ሰው ግን የማያልፍበት የግንድ ክምር ካለ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። የቦርሳውን የወገብና የደረት ማሰሪያ ይፍቱ፤ በወደቁ ጊዜ ቦርሳውን በቶሎ ማውለቅ መቻል አለብዎት። ፊትዎን ውሃው ወደሚመጣበት ያዙሩ፣ ምርኩዙን ከፊትዎ ይትከሉ፣ ጉልበትዎን በትንሹ አጥፈው ወደ ጎን ይራመዱ፤ አንድ እግር የሚነሣው ሌላው እግርና ምርኩዙ ሲረጉ ብቻ ነው። እግሩ ተነሥቶ ሳይሆን የወለሉን ድንጋይ እየዳሰሰ ይሂድ፤ ጣትዎ የድንጋዩን ጠርዝ ሲነካ ተረከዝዎን በጠጠሩ ላይ ያሳርፉ እንጂ በድንጋዩ ራስ ላይ አይቁሙ። ከውሃ ብቅ ባሉ ድንጋዮች ላይ እየዘለሉ መሄድ ቁርጭምጭሚት የሚሰበርበት ዋናው መንገድ ነው፤ ጫማው መራሱ ላይቀር ገና በማለዳው በፈቃድዎ ያርጥቡትና ይገላገሉ።

ጎርፍ በቅርቡ ካለፈ፣ በጅረቱ ዳር ጠፍጣፋና አብረቅራቂ ሆኖ የሚታየው አሸዋ እግር ሊይዝ ይችላል። አስማጭ አሸዋ በወሬ እንደሚባለው ሰውን ሙሉ በሙሉ አይውጥም፤ ጥግግቱ ከሰው አካል ስለሚበልጥ አብዛኛውን ጊዜ ከወገብ በላይ አያስገባም። አደጋው ተይዞ መቆየቱ ነው። እግርዎ ከተያዘ በጉልበት አይንጠቁት፤ ቦርሳውን ይጣሉ፣ ወደ ኋላ ዘንበል ብለው ክብደትዎን ያሰራጩ፣ እግሩን በትንሽ በትንሹ እያወዛወዙ ውሃ በዙሪያው እንዲገባ ያድርጉና ቀስ ብለው ይሳቡት።

6. መጠጥ፣ ሙቀትና ብርድ

በሞቃት ቀን በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፤ ለሙሉ ቀን አራት ሊትር ይዞ መነሣት የተጋነነ አይደለም። በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ መጠጣት ግን ራሱ ጉዳት ያመጣል፤ ጨው ሳይበሉ ውሃ ብቻ ማብዛት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያወርዳል፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽም ያስከትላል። በየመጠጡ አንድ ሁለት ጉርሻ ጨዋማ ነገር ይብሉ።

የጅረቱ ውሃ ቢጠራም ሳይጣራ አይጠጣም። ደለል ካለበት በዕቃ ቀድተው ያዝቅጡት፤ ያለዚያ ማጣሪያዎ በጥቂት ደቂቃ ይደፈናል። ተንቀሳቃሽ ማጣሪያዎች ባክቴሪያንና እንደ ጃርዲያ ያሉ ጥገኛ ተሕዋስያንን ይይዛሉ፤ አብዛኞቹ ግን ቫይረስን አይዙም። ማፍላት ሁሉንም ይገድላል፤ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። አንዳንድ የዋቅላሚ ዓይነቶች የሚያመነጩትን መርዝ ግን ማጣሪያውም ሆነ ማፍላቱ ሙሉ በሙሉ አያስወግዱትም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በዛዮን በቨርጂን ወንዝ ውስጥ ይህ መርዝ ተገኝቶ ተጓዦች ውሃውን እንዳይጠጡና ራሳቸውን እንዳያጠልቁ ተነግሯቸው ነበር። እኔ በበኩሌ የቀኑን ውሃ ከቤት ይዤ መሄድን እመርጣለሁ፤ ጅረቱን ለመጠባበቂያ እተወዋለሁ።

ከመካከልዎ አንዱ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ከተንገዳገደና ገላው ከጋለ፣ ይህ የሙቀት ምት ሊሆን ይችላልና ጉዞው እዚያው ይቆማል፤ ወደ ጥላ ወስደው ራሱን ደግፈው እስከ አንገቱ ጅረቱ ውስጥ ያስገቡት፣ ዕርዳታም ይጥሩ። በተቃራኒው የሚንቀጠቀጥ፣ ጣቶቹ ዚፕ መክፈት ያቃታቸውና ቃል የሚያኮላትፍ ሰው በርዶታል፤ እርጥቡን ልብስ ያውልቁለት፣ ደረቅ ያልብሱት፣ ፀሐይ ያለበት ድንጋይ ላይ ያስቀምጡት፣ ራሱን የሚያውቅ ከሆነም ጣፋጭ ነገር ይስጡት። በአንድ ሸለቆ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለቱንም ማየት ይቻላል።

7. ውሃው ከተለወጠ

የጠራው ውሃ በድንገት ሲደፈርስ፣ ስንጥርና ቅጠል ተንሳፍፎ ሲመጣ፣ የጅረቱ ድምፅ ሲለወጥ፣ ከላይ በኩል እንደ ሩቅ ባቡር ያለ ጉርምርምታ ሲሰማ ወይም ቀዝቃዛ ነፋስ እርጥብ አፈር እየሸተተ ሲመጣ፣ ምክንያቱን አይመርምሩ። ወዲያውኑ ወደ ከፍታ ይውጡ፤ ወደ መግቢያው መሮጥ ከጎርፍ ጋር መሽቀዳደም ነው፣ ጎርፉም ያሸንፋል። ቦርሳው የሚያዘገይዎት ከሆነ ይጣሉት። ከወጡ በኋላ ውሃው እስኪጎድልና እስኪጠራ ይቆዩ፤ ይህ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አዳር ሊጠይቅ ይችላል። ከመጀመሪያው ማዕበል በኋላ ከሌላ ገባር ሁለተኛ ሊከተል ስለሚችል፣ ትንሽ ስለጎደለ ብቻ አይውረዱ። ጃኬቱና የግንባር ባትሪው የተያዙት ለዚህች ሌሊት ነው።

8. የቀሩት

እጅዎን ሳያዩት በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አያስገቡ፤ እባብም ጊንጥም ጥላውን ይወዱታል። ለመጸዳዳት ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ርቀው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ ጠባብ በሆነው ሸለቆ ውስጥ ይህ ርቀት ስለማይገኝ ግን ለዚሁ የተሠራ የሚታሸግ ከረጢት ይዞ ገብቶ ይዞ መውጣት ግድ ነው። ሳሙና፣ ተፈጥሮን አይጎዳም የሚባለውም ጭምር፣ በጅረቱ ውስጥ አይጠቀሙ።

በመመለሻው ላይ ድካም እግርን ስለሚያጎትት በየሰዓቱ ቁጭ ብለው ጫማውን ያውልቁ፣ ካልሲውን ገልብጠው በውሃ ያለቅልቁ፣ በጣቶች መሐል የተሰገሰገውን አሸዋ ይጥረጉ፤ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው ይህ ሥራ የመጨረሻዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትር ያለ ቁስል ያስኬዳል። ከሸለቆው ወጥተው የስልክ መስመር ሲያገኙ፣ ልብስ ከመቀየርዎና ምግብ ከመቅረብዎ በፊት ዕቅድዎን ለተዉለት ሰው ደውለው መውጣትዎን ይንገሩት፤ የተባለው ሰዓት ካለፈ፣ ፈላጊዎች እርስዎ በሌሉበት ሸለቆ ውስጥ በጨለማ ይገባሉና።